በሁለት ሰልፍ መሐል

ሙለታ ምርጫውን የተሸነፈው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ነው። ለሽንፈት እንዲያ ያማረበት ሰው ሰፈራችን ልደታ አይታ አታውቅም። ነጩን ሸሚዝ እናቱ ወይዘሮ ጠጅቱ ከዋዜማው በከሰል ካውያ ተኩሰውለታል። ጥፍሩ ሥር የከረመውን የጎማ ጥቁረት ደግሞ ራሱ በሎሚ ልጣጭ ሲፈትግ አምሽቶ ጣቶቹን አቅልቷቸዋል። ማን እንድታይለት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አላወቀችም የምትባለው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ታውቃለች።

ዘመኑ 1973 ነው፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የሚመረጥበት። በአንድ ወገን የቆዩት ሊቀመንበር አቶ ፍሰሐ አሉ፤ ባለ ብረት በር፣ ባለ ስልክ፣ ባለ ቮልስዋገን። በሌላው ወገን ጋሽ ወልደገብርኤል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ «እንዴት አደርክ» ሲሉ እንኳ ሰው ክስ የቀረበበት መስሎት የሚደነግጥላቸው ሽማግሌ። ለታችኛው ሰፈር የውሃ ቦኖ አስተክላለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። ቀስቃሻቸው ሙለታ ነው፤ በኑሪ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚለጥፍ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ። ከቤት ቤት እየዞረ ድምፁ እስኪዘጋ ሰብኮላቸዋል።

ያች ልጅ ደግሞ ሠርካዲስ ናት። የአቶ ፍሰሐ ልጅ። ስንት የእንጨት በር ባለበት ሰፈር፣ የሙለታ ልብ ሄዶ የብረቱን አንኳኳ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅራቸው የኖረው በጎማ ቤቱ ፊት በሚያልፍ እግር ላይ ነበር። ሠርካዲስ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቷ፣ ወደ ታይፕ መኪናዋ ስትሄድ ተረከዟ አስፋልቱን ቋ፣ ቋ ያደርጋል። ሙለታ ድምፁን ከሩቅ ይለየዋል። መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ምንም እንዳልፈለገ ሰው ቀና ይላል። እሷም ምንም እንዳላየች ሰው አይታው ታልፋለች። ደብዳቤያቸው የሚመላለሰው በወይዘሮ ጠጅቱ ቆሎ ነው። ሠርካዲስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሎ ስትገዛ ከሳንቲሙ ጋር የተጣጠፈች ወረቀት ታስጨብጣለች፤ መልሱ በሌላ ቀን ከቆሎው ሥር ይመጣላታል። ወይዘሮ ጠጅቱ ማንበብ ስለማይችሉ እንደሳቸው የሚታመን ፖስተኛ አልነበረም። የሠርካዲስ መሳቢያ በሽምብራ ሽታ የታወደው በዚሁ ነው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ቀደም ባለው ምርጫ ድምፅ የተሰጠው በቆርኪ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ይቀመጣል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ የተቀባ። መራጩ የለስላሳ ቆርኪውን ይዞ ይገባል፣ ከወደደው ቆርቆሮ ይጥላል፣ ይወጣል። ማን የት እንደጣለ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ዘንድሮም እንደዚያው ሊሆን ነበር፤ ሙለታ ባይኖር።

በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ ብድግ አለና፣ «ጓዶች! ቆርኪ አያፍርም፤ ሰው ግን ያፍራል!» አለ። «መራጭ ለምን ከመጋረጃ ጀርባ ይደበቃል? ተመራጮቹ ይቁሙ፣ ሕዝቡ በየወደደው ጀርባ ይሰለፍ! ፀሐይ ይየን!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ ፍሰሐ ነበሩ።

«የጓድ ሙለታን ሐሳብ ከልብ እደግፋለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «እንዲያውም ተመራጩና ዋናው ቀስቃሽ ሰውን በዓይናቸው እንዳያስፈራሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዙሩ። ሕዝባዊ ዲሞክራሲ ማለት ይኸው ነው።»

ሙለታ ያን ፈገግታ ለጨዋነት ቆጠረው። ሰልፉን የጠየቀው የአቶ ፍሰሐ ሰዎች ቆርኪ ይጨምሩብናል ብሎ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ይጨምሩ ይሆናል። ግን ከዚያ በታች፣ ለኑሪ እንኳ ያልነገረው ሌላ ነገር ነበረው። የሊቀመንበሩ ልጅ ከጎሚስታው ጀርባ ተሰልፋ አገር ሲያያት ይታየው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቆሎ ሥር የተደበቀ ፍቅር አንድ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲቆም። ይህን እያሰበ ጎማ ሲለጥፍ ለራሱ ያፏጭ ነበር።

በማግስቱ ተረከዙ ቋ፣ ቋ አለና ጎማ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለ። ቆማ አታውቅም ነበር።

«ሙለታ፣ ምን አደረግክ?» አለች ሠርካዲስ።

«ምን አደረግሁ?»

«ቆርኪው ይሻል ነበር።»

«አባትሽ አይጨምሩበትም ብለሽ ነው?»

«ቢጨምሩስ! የሰፈሩ ሴት ሁሉ ስኳርና ሳሙና የሚያገኘው አባቴ ከሚያዙበት የቀበሌ ሱቅ አይደለም? በመጋረጃ ቢሆን ለእናንተ የሚጥሉ ስንት እንደነበሩ ታውቃለህ? የኛ ቤት ሠራተኛ እንኳ ለእናንተ ልትጥል ነበር። አሁን አባቴ እያወቁ ማን ማዶ ይቆማል?»

«የወደደ ይቆማል።»

«እኔስ?»

ይህን ስትል ድምፏ ቀጠነ። ከመንገዱ ማዶ ሰው እያያት እንደሆነ ታውቃለች፤ እሱን ግን ትክ ብላ አየችው። ሙለታ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ደረቱን ነፋ። ያን ቀን ባይነፋው ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ።

«አንቺማ ከኋላዬ ትቆሚያለሽ» አለ። «አገር ይየና!»

ሠርካዲስ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እኔ ቆርኪዬን ልሰጥህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንተ እኔን ራሴን ጠየቅከኝ።»

ተረከዟ ርቆ ጠፋ። ከዚያ ኑሪ ከአንድ ላዳ ሥር አንገቱን አወጣ።

«ሙሌ፣ ልጅቷ ያለችህ ገብቶሃል?»

«ፈርታ ነው።»

«እኔም ፈራሁ» አለ ኑሪ፤ «አንተን።»

ሙለታ ሳቀ። ግን ሳቁ ከአፉ አልራቀም፤ እዚያው ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

እሑድ ደረሰ። የቀበሌው ግቢ ሞላ። ሁለቱ ተመራጮች ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ቆሙ፣ ሙለታ ከጋሽ ወልደገብርኤል ኋላ፣ የአቶ ፍሰሐም ቀስቃሽ ከሳቸው ኋላ። አራቱም ፊታቸውን ለኖራው ሰጡ። መዞር ክልክል ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው ቆመዋል፤ ለነሱ ግድግዳ አልታዘዘላቸውም።

«ተሰለፉ!» ተባለ።

ሙለታ ግድግዳው ላይ አንዲት ስንጥቅ አገኘና በሷ ላይ ዓይኑን ተከለ። የቀረው ጆሮ ነው። መጀመሪያ የሚርመሰመስ እግር ሰማ። ከዚያ እግሩ ሁሉ ወደ ግራ፣ ወደ አቶ ፍሰሐ፣ ሲያዘነብል ሰማ። የላስቲክ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ከዘራ። «እማማ፣ እዚህ ጋ ይምጡ» ሲባል ሰማ። ሳል ሁሉ ከዚያ ወገን ነበር የሚመጣው። ከራሱ ኋላ የኑሪን ትንፋሽና የጥቂት ሰዎችን ዝምታ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከዚያ ቋ፣ ቋ አለ። ተረከዙ ወደ ግራ ሄደ፤ እዚያ ዝም አለ። ቆጣሪው እየቆጠረ ቀረበ። ተረከዙ እንደገና ተነሣ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ወደሱ መጣ! ሙለታ ዓይኑን ጨፈነ። ግን ሳይደርስ ቀጥ አለ።

«አንቺ ልጅ» አለ ቆጣሪው፤ «አንቺስ የት ነሽ?»

አቶ ፍሰሐ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ፣ «ልጄ ከኔ ጋር ናት፤ ቁጠራት» አሉ።

ሰው ሳቀ፤ ጉርምርምታውም ግቢውን ሞላው። ከዚያ በኋላ የተባለ ነገር ካለ ሙለታ አልሰማም። ቆጠራው ቀጠለ። ስንጥቋ ከግድግዳው ወርዳ ደረቱ ውስጥ የገባች መሰለው።

«ዙሩ» ሲባሉ ሰልፉ ፈርሶ ግቢው እልልታ ሆኗል። ያያት ከጀርባዋ ነው። እናቷ ክንዷን ይዘው በበሩ እየወጡ ነበር። ለድግስ የሚጣደፉ መሰለው።

ሰኞ ጠዋት ልደታ እንደምንጊዜውም ነቃች፤ ባለጉዳዮች ወደ ፍርድ ቤት፣ ተሳላሚዎች ወደ ማርያም። ሙለታ ብቻ ሌላ አገር ያደረ ሰው መሰለ። ባለፈው ሳምንት «ያንተን ሰው ነው የምንመርጥ» ብለው ጠላ የቀዱለት ሴቶች በጎማ ቤቱ በር ሲደርሱ ድንገት ማዶውን መንገድ ወደዱት። አንዱ የአቶ ፍሰሐ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ መጣና፣ «ጓድ ሙለታ፣ ይህቺን ጎማ ንፋልኝ፤ አንተ እንኳ ባዶ ነገር መንፋት ታውቅበታለህ» አለው። ሙለታ ነፋለት። ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው።

ከቀትር በፊት ጋሽ ወልደገብርኤል መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በሥራ ቀን ኮት ከጡረታቸው ወዲህ ለብሰው አያውቁም።

«ሙለታ ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። ጓድ ፍሰሐ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ሁን ብለውኛል።»

«እሺ አሏቸው?»

«ሰው ሲጠራ አቤት ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ስጠራ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እኔ ብጠራ ምን አለበት?»

«ቦኖውስ ጋሼ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቦኖው በጥናት ላይ ነው።»

በአንድ ሌሊት አፋቸው እንኳ ሹመት ለብሷል። ሙለታ ቢስቅ ወይም ቢያለቅስ ይሻለው ነበር፤ ሁለቱም እምቢ አሉት። «ይቅናዎ» ብሎ አጎነበሰ።

የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ በተሞላው ገንዳ ውስጥ ነከረው። ቀዳዳ የሚፈለገው እንደዚህ ነው፤ እየዞሩ መንከር፣ አረፋ ከየት እንደሚወጣ መጠበቅ። እጁ ይህን ሲያደርግ ሐሳቡም ያንኑ ያደርግ ነበር። የት ጋ ነው ያፈሰሰው? ሴቶቹ? ለነሱ አልተናደደም። ጋሽ ወልደገብርኤል? ለሳቸው እንኳ የሚናደድበት አቅም አጣ። ሰልፉ? እዚህ ጋ ሲደርስ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች፤ ሰልፉን ያመጣው ማን ሆነና። ሙለታ ግን ያችን አረፋ በአውራ ጣቱ ደፈናትና ወደ ሌላ አዞረው። ቋ፣ ቋ። ልጄ ከኔ ጋር ናት። ቁጠራት። አዎ፣ የፈሰሰው እዚህ ነው፤ የከዳችው እሷ ናት። የራሱን ቀዳዳ ከሚያይ የሷን ስም ቢያጠቁር ቀለለው።

ማክሰኞ ወደ ቀበሌው ሱቅ ወረደ። እናቱ ስኳር ሲጠይቁ «አልቋል» ተብለው፣ ከሳቸው ኋላ የነበረችው ሴት ስኳር ይዛ ስትወጣ አይተው ተመልሰው ነበር። ሊጠይቅ ነው የሄደው። የሴቶቹ ሰልፍ ከሱቁ በር እስከ አጥሩ ተዘርግቷል። በመሐሉ ሠርካዲስን አያት።

የሊቀመንበሩ ልጅ ስኳር ተሰልፋ አታውቅም፤ ሠራተኛ አለቻቸው። ሙለታ ይህን ልብ ቢል ኖሮ ደግ ነበር። ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ድረስ አጣፍታ መሬት መሬት ታያለች። እሱ ያየው ግን ሰልፉን ብቻ ነው።

«ሰልፍ ያምርብሻል» አላት ሁሉም እንዲሰማ። «በተለይ ረጅሙ።»

ቀና አለች። «ሙለታ፣ እባክህ።»

«ምን ሆነሽ ነው የተሸፈንሽው? ጥርስሽን ነው? ስኳር በዝቶብሽ ይሆናላ። ያሸነፈ ቤት ስኳር አይጠፋም።»

አንዲት ሴት ኪ ኪ አለችና አፏን በእጇ ያዘች። የቀሩት ጸጥ አሉ። ሙለታ ጸጥታውን የድል አድርጎ ወሰደው፤ እሑድ ያጣውን ሕዝብ ዛሬ ያገኘ መሰለው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የጎማ ጥቁረት በእጄ ላይ ነው ብዬ ሳፍርሽ ኖርኩ» አለ። ድምፁን ከፍ አደረገ። «የኔ ጥቁረት በሎሚ ይለቃል። ያንቺን በምን ልታስለቅቂው ነው?»

ሠርካዲስ አላለቀሰችም። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ስሙ እንደጠፋባት ሰው። ከዚያ ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከሰልፉ ወጣች። ከኋላዋ የነበረችው ሴት አንድ እርምጃ ተራመደችና ቦታዋን ሞላችው። ልክ እዚያ ቆማ የማታውቅ ይመስል።

«ጨረስክ?» አሉ እትዬ ዙሃራ። የኑሪ እናት ናቸው፤ ሙለታን ጡት ከተወበት ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፣ አንዳንዴም በጥፊ።

«ጨረስኩ።»

«እኔ እሑድ ማን ጋ ተሰለፍኩ?»

ሙለታ ትከሻውን ሰበቀ።

«ፍሰሐ ጋ። ልጄ አንተ ጋ ቆሟል፣ እኔ ፍሰሐ ጋ፤ ሳሙና ስለምፈልግ። ይቺን ሁሉ ሴት እያት፤ አንድ ባንድ እዚያ ነበረች። እኛን ሁላችንን አልፈህ መጥተህ፣ እዚያ ያልቆመችዋን አንዲቷን ሰደብክ።»

«ምን አሉ?»

«አባቷ ጋ ነበረች፣ ከናቷ ጎን። ቆጣሪው ሲቀርብ ወጣች። ወዳንተ ስትሄድ እኔ ልቤ ወደቀ። ግን አንተም ጋ አልደረሰችም፤ መሐል ላይ፣ ባንዲራው ሥር ብቻዋን ቆመች። አባቷ ቁጠራት ሲል፣ ‹ከርስዎ ጋር አይደለሁም› አለች። ቆጣሪው ‹ከዚያኛው ነሽ?› ሲላት ‹እዚያም አይደለሁም› አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እኛ ግን ሰምተናል። በአባቷ ላይ መቆም አልቻለች፣ ባንተም ላይ መቆም አልቻለች። ቆጣሪው ዘሏት አለፈ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያልተቆጠረች ሰው እሷ ብቻ ናት።»

ሙለታ የሱቁን ግድግዳ ያዘ።

«ስኳሩስ… ለምን…»

«‹ከሕዝብ መሐል መቆም ካማረሽ ሂጂና ቁሚ› ብሎ አባቷ ነው የላካት። ነጠላውን ደግሞ ገልጠህ ብታየው የጥርስ አይደለም። አምስት ጣት ነው።»

ቀጥለው የተናገሩትን አልሰማም፤ ይሮጥ ነበር። የብረቱን በር በሁለት እጁ መታው። እናቷ በቀዳዳው አዩትና፣ «ልጄ፣ የቀረውን ጉንጯን ልታስመታት ነው? ሂድልን» አሉ፤ ክፋት በሌለው፣ በደከመ ድምፅ። ሄደ። ሲመታው የነበረው በር የቀዘቀዘ ብረት ነበረ፤ ቅዝቃዜው ከመዳፉ አልወጣ አለ።

አራት ቀን በዚህ አለፈ፤ ሙለታ የለጠፈው ጎማ ሁሉ መልሶ የሚያፈስበት አራት ቀን። ቅዳሜ ግንቦት አንድ ነው፤ የልደታ በዓል። በዚያ ቀን ሰፈሩ ንፍሮውን ደጅ ቀቅሎ፣ ዳቦውን ቆርሶ፣ ባለ ብረት በሩም ባለ ሳጠራው እኩል መሬት ላይ ይቀመጣል። የተጣላም በዚያ ቀን ይታረቃል።

ሙለታ ከጎማ ቤቱ ታኮ የሚሆነውን፣ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚገባውን ትልቅ ድንጋይ አነሣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ኑሪ።

«ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቃት።»

«እዚያ? ሁሉ ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት አዋረድኳት። ሰው ፊት ነው የምክሳት።»

«ሙሌ፣ ስማኝ። እናቴን ልላካት። ልጅቷን ብቻዋን አግኛት፣ ብቻዋን ንገራት።»

«ፀሐይ ይየኝ!» አለ ሙለታ።

ኑሪ ይህችን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማት አስታወሰና አንገቱን ነቀነቀ።

ሰፈሩ በግራር ጥላ ሥር ተቀምጧል። አቶ ፍሰሐና ጋሽ ወልደገብርኤል ብቻ ባንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን፤ ግድግዳ የላቸውም አሁን። ሙለታ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ መጣ። ጫወታው ቀስ በቀስ ሞተ። መሐል ላይ ተንበረከከ።

«ሠርካዲስን በድያታለሁ» አለ ወደ መሬት። «እናንተ ፊት በደልኳት፤ እናንተ ፊት ይቅር በለኝ… ይቅር በይኝ እላለሁ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሽ ወልደገብርኤል ከአግዳሚው ተነሡና፣ የሸንጎ ሰውነታቸውም የፍርድ ቤት ጉሮሯቸውም ባንድ ላይ መጣባቸው።

«ሠርካዲስ ፍሰሐ!» ብለው ተጣሩ። «ሠርካዲስ ፍሰሐ! ቅረቢ!»

«ይቅር በይው ልጄ» አሉ አቶ ፍሰሐ። በዚያ በስብሰባው ዕለት ፈገግታ ነው። «ወጣት ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ሰው እያየሽ ነው።»

«ይቅር በይ! ይቅር በይ!» አለ ሰፈሩ ባንድ አፍ።

ሙለታ ከድንጋዩ ሥር የሚያየው አቧራ ብቻ ነው። ጆሮው ቀረ፤ እንደገና። መሬቱ አስፋልት ስላልሆነ ተረከዙ ቋ አይልም፤ ግን አወቀው። ተነሣ፣ መጣ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀጠለና ጫማዋ ከዓይኑ ሥር ደረሰ።

ድንጋዩ ከማጅራቱ ተነሣ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሠርካዲስ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

እልልታው ዛፉን አንቀጠቀጠ። ከሁሉም የወይዘሮ ጠጅቱ ይበልጥ ነበር፤ ምስኪን፣ ምራት ያገኙ መሰላቸው። ሙለታ ቀና አለ። ነጠላዋ ወርዷል፣ ጉንጯ ላይ ያለው ወደ ቢጫ ሄዷል። ልታነሣው ጎንበስ አለችና አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። የቆሎው ሽታ ነበራት፤ ያ የመሳቢያው ሽታ።

«ያልኩት ለነሱ ነው» አለች፣ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። «ሌላ መልስ ልሰጥ እችል ነበር? እሑድም እንደዚህ ነበር ያቆምከኝ።»

«ሠርኬ…»

«የመታኝ አባቴ ነው፤ እሱ አላመመኝም። ሱቁ በር ላይ ያልከኝም እንኳ ያልፍልኝ ነበር። በሩ ላይ አንድ ቀን መጣህ፣ መለሱህ። ሌላ ቀን ይመጣል ብዬ ከበሩ ኋላ ስቀመጥ ሰነበትኩ። ዳግመኛ ብታንኳኳ የምከፍትልህ እኔ ነበርኩ። ብቻህን ብትመጣ ይቅር እልህ ነበር፣ ሙለታ። አንተ ግን ሰፈሩን ሰብስበህ መጣህ።»

«አላወቅሁም።»

«አታውቅም። ዞረህ አይተኸኝ አታውቅም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰኞ ለመሠረተ ትምህርት ወለጋ እዘምታለሁ። ማንም አልላከኝም፣ ራሴ ነኝ የተመዘገብኩ። ከእናትህ ቆሎ ሥር ወረቀት አታስቀምጥ፤ ሌላ ሰው ይገዛዋል።»

ቀና ብላ ለሰፈሩ ፈገግ አለችለት። ፈገግታው የአባቷ ነበር፤ ሙለታ እሷ ፊት ላይ አይቶት አያውቅም። ከዚያ ሄዳ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች፣ ንፍሮ ሰጧት፣ በላች።

«እንኳን ደስ ያለህ!» እያለ ሰው ይመጣበት ጀመር። ያ ባለ ብስክሌቱ ሳይቀር ትከሻውን ነካ ነካ አደረገው። እትዬ ዙሃራ ብቻ ከሩቅ የልጅቷን ፊት አይተው ንፍሯቸውን አስቀመጡ። አቶ ፍሰሐ አጨበጨቡ። ከሁሉ ቀድመው።

ሙለታ እንደተንበረከከ ቀረ። መዳፉን ሞልተው ንፍሮ ሰጡት፤ ያዘው። ትኩስ ነበር፤ መዳፉ ውስጥ ያለውን የብረት ቅዝቃዜ ግን አላነሣለትም።

ኑሪ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ቀና በል እንጂ ሙሌ» አለው። «ድንጋዩ እኮ ወርዷል።»

ሙለታ እሺ ሊል ፈለገ። አንገቱ ግን እምቢ አለው።